እሷ የት እንዳለሁ ታውቃለች

አርባ ምንጭ
ኅዳር 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለካሚል ረሺድ፣

ድሬዳዋ እንዴት ይዛሃለች? «ሲቀላ ሰፈር ያደገ ሰው ሙቀት አይፈራም» እያልክ ስትኩራራ አልረሳሁምና፣ አሁን በሽርጥ እንደምትውል እገምታለሁ። ቤተሰቦችህ ደህና ናቸው። ትናንት በሱቃችሁ በኩል ሳልፍ እናትህ እትዬ ቀመሪያ አስቁመውኝ ምንም ሳይሉ በፌስታል ቴምር አስያዙኝ። አባትህ ጋሽ ረሺድ ደግሞ ሚዛን የሚያስተካክሉ መስለው ወደ መደርደሪያው ዞሩ። ሰው ሁሉ ምን እንደሚለኝ ጠፍቶታል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንዳይሉኝ ከልክያለሁ፤ ሌላ የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ስለዚህ ቴምር ይሰጡኛል።

በስልክ ለጠየቅከኝ ነገር መልስ ሳልሰጥ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው ብለህ አስበህ ይሆናል። እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ድምፄን ስላላመንኩት ነው። በኢሜይል እንዳልጽፍልህ ደግሞ አንተና ሀብተሚካኤል ያቋቋማችሁት ነገር ያስፈራኛል። ጣቴ ስቶ ወደ ዱቡሻ ብልከው እዚያው ተቀምጦ የዓለም ሕዝብ ሲያነበው ይኖራል። ስለዚህ ይኸው በወረቀት።

አዎ፣ አሁንም ይደውላሉ። ቢሮአችን አዲስ የመጣችው ባዩሽ ባለፈው ስልኬን ስትሰማ ቆይታ «ማነው ሁልጊዜ ስለ ሰኞ የሚጠይቅሽ?» አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ። ባሌና ካሚል የሚባል ጓደኛው ዱቡሻ የሚሉት የኢሜይል መድረክ አቋቁመው ነበር አልኳት። አንድ ሰው ወደ ዱቡሻ አድራሻ ሲጽፍ ለአባላቱ በሙሉ ይደርሳል፤ የተጻፈውም ሁሉ በመዝገብ ቤት እንዳለ ፋይል ተሰድሮ ስለሚቀመጥ አባል ያልሆነ ሰው እንኳ ገብቶ ያነበዋል። ስሙን ያወጣው ሀብተሚካኤል ነው፤ በእናቱ አገር በገረሴ ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጦ በይፋ የሚመክርበት ቦታ ዱቡሻ ነውና። ስለ ኩልፎ ወንዝ መስኖ፣ ስለ ሙዝ በሽታ፣ ስለ አባያ ሐይቅ ውሃ መሙላትና መጉደል ይነጋገሩበታል። ሶፍትዌሩን «ፖስተኛው» ይሉታል፤ በነፃ የሚታደል፣ ውስጡም ለማንም ክፍት የሆነ ነው አልኳት። «እና ሰኞስ?» አለች። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

አንተ ግን ታውቀዋለህ። ባለፈው መጋቢት የአባያን ውሃ ሊለካ በጀልባ ሲወጣ ኢሜይሉ ላይ ያስቀመጠው መልስ እስካሁን ይሠራል። ሰው ወደ ዱቡሻ በጻፈ ቁጥር ይኸው ይመጣል፦

«ለመስክ ሥራ ወጥቻለሁ። ሰኞ እመለሳለሁ። የሚያጣድፍ ነገር ካለ ባለቤቴን ልክነሽን ጠይቁ፤ እሷ የት እንዳለሁ ታውቃለች። ሀብተሚካኤል።»

ከሥሩ የእኔ ስልክ ቁጥር። ነገሩን ያልሰማ ሁሉ ይደውልልኛል። ከሚዛን አካባቢ የሚደውሉ አቶ ክንፉ የሚባሉ የሙዝ ገበሬ አሉ፤ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ሰላምታቸው የማያልቅ። ስለ አፈር ጨው ጠይቀውት ነበር። «እመት ልክነሽ፣ ሰውዬው ሰኞ ገባ?» ይላሉ። «አልገባም፣ ለሚቀጥለው ሰኞ» እላቸዋለሁ። «አይዞሽ፣ የመስክ ሥራ እንዲህ ነው» ብለው ያጽናኑኛል።

ካሚል፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ከዱቡሻ እንዳታወጣው። ጀልባው ሲሰጥም ይነዳው የነበረው ዘካሪያስ በሦስተኛው ቀን ተገኝቶ ተቀብሯል። ሀብተሚካኤል አልተገኘም። ያልተገኘ ሰው አይለቀስም። እናቱ እማማ አገርነሽ ለቅሶ እንቀመጥ እያሉ በየገበያው ቀን ከገረሴ ሰው ይልኩብኛል፤ ሚስቱ እሺ ካላለች ደግሞ አይሆንላቸውም። እኔ የምመልስላቸው «ሰኞ እመለሳለሁ ብሏል» እያልኩ ነው። ያ መልስ ከቆመ ምን እላቸዋለሁ?

እህትህ ልክነሽ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእህቴ ለልክነሽ፣

ከሰላምታ ሁሉ የሚበልጠው ሰላምታዬ ይድረስሽ። አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስለ ሽርጡ ልክ ነሽ። ስለ ስልኩም እንደተዘጋብኝ አውቄያለሁ፤ አንቺ ስትዘጊ የሚሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ ከኔትወርክ ይለያል። ከእንግዲህ እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ በስልክ አልጠይቅሽም።

አላወጣውም። ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። ብፈልግም አልችልም። ዱቡሻን ስናቋቁም ሀብተሚካኤል «በእኛ አገር ሰው በሌለበት አይባረርም፤ ይጠየቃል፣ ራሱ ይመልሳል» ብሎ እንዴት እንደተከራከረኝ ታስታውሻለሽ። እናንተ ሳሎን ቁጭ ብለን ነበር፤ አንቺ «ሁለት ሽማግሌ ሆናችሁ» ብለሽ ሳቅሽብን። ሶፍትዌሩ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ገብተን አስተዳዳሪው አባል የሚያባርርበትን ቁልፍ ነቅለን ጣልነው። አሁን ከዱቡሻ የሚወጣ ሰው ቢኖር፣ ፖስተኛው ጠይቆት እሱ ራሱ የመለሰ ብቻ ነው።

መልሱ ለምን እንደማይቆም ደግሞ ላስረዳሽ። ፖስተኛው ከማሽን የመጣ መልስ ሲያገኝ ለይቶ ይጥላል። የሀብተሚካኤል መሥሪያ ቤት ኢሜይል ግን ያረጀ ስለሆነ መልሱ ላይ የማሽን መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አይለጥፍበትም። ለአንድ አድራሻ በቀን አንዴ ይመልሳል፣ ያውም ሰው መስሎ። ፖስተኛው ሰው ነው ብሎ ተቀብሎ ለሁሉም ያድላል፣ መዝገቡ ውስጥም ያስቀምጠዋል። መሥሪያ ቤቱ አድራሻውን ያልዘጋው ደግሞ በሕይወት አለ ብሎ አይደለም፤ ሞቷል የሚል ወረቀት ስላልመጣለት ነው።

ይኼን የጻፍኩልሽ ላስከፋሽ አይደለም። ማሽን መሆኑን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። አባላቱ ምን እንደሚሉኝም ትጠይቂኝ ይሆናል፣ እሱን ግን ዛሬ አልነግርሽም።

ወንድምሽ ካሚል


አርባ ምንጭ
ጥር 2 ቀን 2003 ዓ.ም.

ካሚል፣

እንኳን ሰላም ሆንክ። ገናን እናትህ ጋር ዋልኩ። ለእኔ ብለው የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ በሌላ ድስት አሠርተው ጠበቁኝ፤ አንድም የወጥ ጠብታ እንዳይቀላቀል ማንኪያውን ሳይቀር ለይተው። በልቼ ሳልጨርስ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሽንኩርት ነው አሉኝ። ሽንኩርቱ ከተላጠ ቆይቷል።

ማሽን መሆኑን ያስረዳኸኝ ለቀባሪው አረዱት ሆነብኝ። ያንን መልስ ማን የተየበው ይመስልሃል? ሀብተሚካኤል በሁለት ጣቱ ሲለቅም ቀኑ ሊመሽበት ሆነና «ተነሣ ወዲያ» ብዬ እሱ እየነገረኝ እኔ ነኝ የተየብኩት። «እሷ የት እንዳለሁ ታውቃለች» የሚለውን ያስጨመረው ሊያሾፍብኝ ነው። ለመስክ በወጣ ቁጥር የት ደረስክ፣ የት ነህ እያልኩ ስደውል «መሥሪያ ቤቱ ከሚያውቀው ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ» ይለኝ ነበር። እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። መዝገቡን ወደ ኋላ እያገላበጥኩ ነበር። ካለፈው ግንቦት ጀምሮ አንተ «ሙከራ» የሚል መልእክት ትልካለህ። ሌላ ቃል የለበትም፣ «ሙከራ» ብቻ። ሰርቨሩ መሥራቱን ለማየት ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። ግን ካሚል፣ ሰርቨርህ የሚያጠራጥርህ ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት ነው? ከሥሩ ደግሞ ሁልጊዜ ያ መልስ አለ፣ ሰኞ እመለሳለሁ የሚለው።

አልስቅብህም። መልስልኝ እንጂ።

እማማ አገርነሽ ልምጣ ብለው ልከውብኛል። «ልጄ ለሰው ሁሉ የሚጽፍ ከሆነ ለእናቱ ለምን አይጽፍም?» አሉ አሉ። እግራቸውን ያማቸዋልና መንገዱ እስኪሻል ይቆዩ ብያለሁ። የመንገዱ ነገር ሰበብ መሆኑን ለአንተ አልደብቅም።

ልክነሽ


ድሬዳዋ
ጥር 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ልክነሽ እህቴ፣

ከጥር 2ቱ ደብዳቤሽ በኋላ «ለምን አትመልስም» ብለሽ የተቆጣሽበት ሁለተኛውም ተከታትሎ ደረሰኝ። ልክ ነሽ፣ መመለስ ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ሰርቨሩ ምንም አልሆነም። አርባ ምንጭ ሳለሁ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ስወጣ ሀብተሚካኤል የአባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ማንጎ ይዞ። ሱቁ ውስጥ ሳልገባ ስለ አባያ ማውራት ይጀምራል። ድሬዳዋ ከመጣሁ በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ ይጽፍልኝ ነበር። አሁን ሰዓቱ ሲደርስ እኔ እጽፋለሁ። ይመልሳል። አንብቤ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ይኸው ነው፣ ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ ምክንያት የለኝም። ማሽኑን የገጠምኩት እኔ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም።

ስለ አባላቱ ይኸው፣ አልደብቅሽም። ሰው መጻፍ ትቷል። ስለ ውሃ ተራ የጠየቀ ሰው ከጎረቤቱ መልስ ከማግኘቱ በፊት ከሞተ ሰው መልስ ይመጣበታል። አለምሰገድን ታውቂዋለሽ፣ ከሀብተሚካኤል ጋር በአንድ ቢሮ የሠራውን፤ «ሰላም ለማለት ኮምፒውተር ስከፍት ጸጉሬ ይቆማል፣ ከዚህ በኋላ አልጽፍም» ብሎ ጻፈልኝ። አልጻፈም። አዲስ ሰው አንዴ ገብቶ ይጽፍና አንቺ ጋር ደውሎ ይቀራል። ባለፈው ወር የመዝገቡን ገጽ ስከፍት የእኔ ሙከራና አንቺ ለእሱ የምትጽፊያቸው ጥያቄዎች ብቻ አሉ። ሁለታችን ቀርተናል። ከእሱ ጋር ሦስት።

ዱቡሻ የእሱ ሥራ ነው። የገበሬው የውሃ ክርክር፣ የአባያ ልክ፣ እነዚያ የጻፋቸው ረጃጅም ነገሮች ሁሉ እዚያ አሉ። ባዶ ሜዳ ሆኖ ሲቀር ማየት ያመኛል። ቢሆንም ቃሌ ቃል ነው።

ሌላ አንድ ነገር። እናቴ በርሽን ሳትቆልፊ ታድሪያለሽ አለችኝ። እውነት ነው? አንዲት ሴት ብቻዋን!

ካሚል


አርባ ምንጭ
የካቲት 16 ቀን 2003 ዓ.ም.

ወንድሜ ካሚል፣

ስለ ማንጎው ጽፈህልኝ አለቀስኩ። ከጓሮዬ ማንጎ ለማን እንደሚለቀም አሁን ገባኝ፤ እኔ የሰፈር ልጆች ናቸው እያልኩ ስንት እናት ከሰስኩ!

ስለ በሩ፣ ሲቀላ ሌባ የለም። እናትህን አታስጨንቃቸው።

እማማ አገርነሽ መጡ። መንገዱ ሳይሻል፣ እኔ እሺ ሳልል። በዚህ ሙቀት በቡልኮ ተጠቅልለው ከመኪና ሲወርዱ ሳያቸው ደንግጬ ላወልቅላቸው ብል እጄን መቱኝ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ «የሚጽፍበት የት ነው?» አሉኝ። በምሳ ሰዓት ቢሮ ወሰድኳቸው። ባዩሽ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

የጋሞኛዬን ነገር ታውቃለህ፣ ገበያ ለመግዛት እንጂ ለሐዘን አይበቃም። እንደምንም እየተረጎምኩ የቆየውን መልስ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው ሰሙ።

«ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«የትኛው ሰኞ?» አሉ።

ካሚል፣ ይህን ያህል ጊዜ ሳነበው ያንን ጥያቄ አልጠየቅኩትም።

«በይ ‹እናትህ መጥታለች› በይው» አሉኝ።

ጻፍኩ። «ሀብቴ፣ እናትህ ከገረሴ መጥተዋል፣ አጠገቤ ተቀምጠዋል» ብዬ ወደ ዱቡሻ ላክሁ። ጥቂት ቆይቶ መጣ። ያው ነው፣ ለመስክ ሥራ ወጥቻለሁ፣ ሰኞ እመለሳለሁ። አነበብኩላቸው። እማማ አገርነሽ ከወንበሩ ተነሡ።

«እሱ አይደለም» አሉ። «ልጄ እናትህ መጣች ቢባል የትም ቦታ ይሁን ‹በላች ወይ?› ነበር የሚለው።»

ባዩሽ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። እኔ ግን ተናደድኩ። አማቴን ተናገርኳቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በሰው ፊት «ልጅዎን ለመቅበር ይህን ያህል ምን አቻኮልዎ?» አልኳቸው። አልተቆጡኝም። ቡልኮአቸውን አስተካክለው «የቸኮልኩትስ እኔ ከእሱ በኋላ እንዳልቆይ ስለማውቅ ነው፤ ሳላለቅስለት ብሞት ማን ያለቅስለታል፣ አንቺ እንደሆነ አታለቅሺም» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እንዲህ አሉኝ፦ «ይኼ ያቋቋሙት ዱቡሻ ከሆነ፣ ዱቡሻ የተቀመጠ ሰው ይጠየቃል። ትቀመጣለህ ወይስ ትሄዳለህ ተብሎ ይጠየቅ። የሚለውን እሰማለሁ።»

እኔም እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ልንገርህ፤ መልሱን ስለማውቀው ነው። የተየብኩት እኔ ነኝ። ትሄዳለህ ወይ ብትሉት «ሰኞ እመለሳለሁ» ነው የሚለው። እመለሳለሁ ያለ ሰው ሄደ አይባልም። ስለዚህ ተዋዋልን። እወጣለሁ ካለ እኔ ጥቁር ለብሼ ገረሴ እወጣለሁ፣ ለቅሶውን እንቀመጣለን። እመለሳለሁ ካለ እማማ አገርነሽ ዳግመኛ ስለ ለቅሶ ላያነሡብኝ ማሉልኝ።

እንግዲህ በሕጋችሁ መሠረት ጠይቀው። ያለውን ቃል በቃል ጻፍልኝ፤ ለእሳቸው የማነበው የአንተን ደብዳቤ ነው። አንተን ያምናሉ፣ «የነጋዴው ልጅ አይዋሽም» ብለዋል።

ልክነሽ


ድሬዳዋ
መጋቢት 5 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእህቴ ለልክነሽ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ለእናታችን ለአገርነሽ ከማንበብሽ በፊት ብቻሽን አንብቢው።

እንዳልሽው አደረግኩ። ቢስሚላህ ብዬ የመውጫውን ገጽ ከፈትኩና አድራሻውን አስገባሁ። ፖስተኛው ለሀብተሚካኤል ደብዳቤ ላከ። ቃሉን በአማርኛ ያዘጋጀነው ከእሱ ጋር ነው፣ ይኸውልሽ፦ «ከዱቡሻ ይውጡ የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ለመውጣት ከፈቀዱ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ይላኩ። ካልፈቀዱ ዝም ይበሉ።»

ውጤቱን ጠብቄ አልተቀመጥኩም። እኔም እንደ አንቺ የሚሆነውን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ከፖስተኛው ማስታወቂያ ደርሶኛል። «አባል ሀብተሚካኤል በራሳቸው ፈቃድ ከዱቡሻ ወጥተዋል» ይላል።

ልክነሽ፣ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ ነው ነገሩን የመረመርኩት። ኢሜይሉ እንደ ሁልጊዜው መለሰ። ለመስክ ሥራ ወጥቻለሁ፣ ሰኞ እመለሳለሁ፣ እሷ የት እንዳለሁ ታውቃለች። ፖስተኛው ግን ማንበብ አይችልም። ይመጣል አይመጣም፣ ያንን ብቻ ነው የሚያየው። መልስ ከመጣ ሰውዬው ፈቅዷል ማለት ነው። ለመቅረት ዝም ማለት ነበረበት። እሱ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም፤ የሚጽፍለትን ሁሉ እንዲመልስ አድርገን ነው የተውነው።

ሰው በሌለበት አይባረር ብለን ያንን ሕግ ስናወጣ፣ የሌለ ሰው ሊመልስ ይችላል ብሎ ማን ያስባል? እሱም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት።

የማሽን ነገር ነው። ሽቦውን አንድ በአንድ ላሳይሽ እችላለሁ። የነጋዴው ልጅ አይዋሽም ካሉ ይኼንንም ንገሪያቸው። መልሼ ልመዘግበው እችላለሁ፤ ማስወጫውን ነው የነቀልነው እንጂ ማስገቢያው እንዳለ ነው። ከመመዝገቤ በፊት ግን ቃልሽን እጠብቃለሁ። ይህን ካየሁ ወዲህ ዓርብ ላይ አልጻፍኩም።

ካሚል


አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 6 ቀን 2003 ዓ.ም.

ወንድሜ ካሚል፣

ይህን ያህል ስላስጠበቅኩህ ይቅር በለኝ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ስል ዛሬ እውነቴን ነው።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ዕለት «አሁኑኑ መልሰህ አስገባው» የሚል ጻፍኩልህ፤ በስድብ የተሞላ ነበር፣ አንተንም ፖስተኛውንም የፈጠራችሁንም። ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሳልልከው ተመልሼ ቤት ገባሁና ሣጥኑን ከፈትኩ።

አንተም እናቱም የማታውቁት ነገር አለ። ባለፈው ሐምሌ ዓሣ አጥማጆች የሆኑ ሁለት ሰዎች ከአባያ የሀብተሚካኤልን ጃኬት አምጥተውልኛል። ቡናማ የነበረው በጭቃው ቀይ ሆኗል። ኪሱ ዚፕ ነው፣ አልተከፈተም፤ ውስጡ የቤታችን ቁልፍ ነበር። አደራ ለማንም እንዳትናገሩ ብዬ ሸኘኋቸውና ጃኬቱን ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬን አልቆለፍኩም። ሰኞ ቢመጣ ቁልፍ የለውም እያልኩ። ስለ በሩ ስትጠይቀኝ ሲቀላ ሌባ የለም አልኩህ፤ ሌባማ ሞልቷል።

«እሷ የት እንዳለሁ ታውቃለች» ብሎ አስጽፎኛል አይደል? አውቅ ነበር፣ ካሚል። ከሐምሌ ጀምሮ አውቅ ነበር።

ለእማማ አገርነሽ ደብዳቤህን ቃል በቃል አነበብኩላቸው፣ ሽቦውንም ማሽኑንም ሳላስቀር። ስጨርስ «ጠየቁት?» አሉ። ጠየቁት። «መለሰ?» መለሰ። «ልጄ ሰው ሲጠይቀው ዝም አይልም ነበር» አሉና ጉልበቴን ያዙኝ። ጃኬቱን አምጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። ምን እንዳሉኝ አልጽፍልህም።

ለቅሶው ሰኞ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ሐሙስ ዕለት ወደ ዱቡሻ ጻፍኩ፤ ባለቤቴ ሀብተሚካኤል ባለፈው ዓመት መጋቢት በአባያ ላይ እንዳረፈ፣ ለቅሶው ሰኞ በገረሴ እንደሚሆን። ላክሁና እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ልማድ ነው፤ እንደማይመጣ እያወቅኩ ጠበቅኩ። የአለምሰገድ መጣ። ሁለት ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች መጡ፣ ከዚያ ብዙ፣ ተከታትለው። ሰው ሁሉ ተመልሶ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። የእሱ ብቻ አልመጣም። ጽፌለት ሳይመልስልኝ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ ጮህኩ። ባዩሽ የቢሮውን በር ዘጋችልኝ። ከፎቅ ሰው ወርዶ ምን ሆነች ሲል «ባሏ ሞቶ ነው» ስትለው ሰማኋት፤ እንደዚያ ተብሎ ሲነገር የሰማሁትም ያን ጊዜ ነው።

አባትህ ጋሽ ረሺድ በዚያ ዕድሜያቸው ገረሴ ድረስ ወጡ። ብርዱ እያንቀጠቀጣቸው ከጃኬቱ አጠገብ ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ የገረሴ ሰዎች ጋቢ ደረቡላቸው። እናትህ ቴምር አላስያዙኝም። አቅፈውኝ ቆዩ።

መዝገቡን እንዳትነካው። ሙከራዎችህም የእኔ ጥያቄዎችም መልሶቹም ባሉበት ይቀመጡ፤ የሚያነብ ያንብባቸው። እሱንም መልሰህ አትመዝግበው። ዱቡሻው አሁን ስለ ኩልፎ ውሃ ተራ እየተጣላ ነው፣ ደስ የሚል ጠብ ነው፣ ግባና አስታርቃቸው። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ሲከብድህ ለእኔ ደውል። ማንጎው ደርሷል፣ በአባትህ በኩል እልክልሃለሁ።

ትናንት ከቢሮ ገብቼ በሬን ቆልፌ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። አቶ ክንፉ ናቸው፣ ከሚዛን። ኢሜይል የሚያዩት ከተማ ሲወጡ ስለሆነ ምንም አልሰሙም። ስለ ሙዙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ነገሩኝ። አላቋረጥኳቸውም። መጨረሻ ላይ፣

«እመት ልክነሽ፣ ሰውዬው ሰኞ ገባ?» አሉኝ።

«አልገባም፣ አቶ ክንፉ» አልኳቸው። «ሞቷል። አባያ ውስጥ ነው ያለው።»

ከዚያ ያ ጎላ ያለ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

«አሜን» አልኳቸው።

እህትህ ልክነሽ